የዋዲው ነዋሪ

ሳብያ በምትባል የዓረብ ከተማ የምሠራበት ቤት ጌታ ሙሃሚ ነበር፤ የመሬትና የግንባታ ፈቃድ ጠበቃ። ጎርፍ በሚወርድበት ቦታ ቪላ መሥራት የፈለገ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል፤ እሱም የተሳሳተው ጎርፉ እንደሆነ በወረቀት ያስረዳል። ጎበዝ ነው ይሉታል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝና ጎርፍ ተከሶ የሚረታ አይመስለኝም ነበር።

በዚያ ዓመት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዋዲ በሚሉት ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ለራሱ መሬት ያዘ። ደንቡ ዋዲ ላይ አዲስ ቤት አይሠራም ይላል። ከጥንት ሰው የኖረበት ቤት ካለ ግን ቦታው መኖሪያ ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ የጥንት ቤት አሠራ። ብሎኬቱ በሳምንት ቆመ፤ ግድግዳውን እንጨት እያነደድኩ በጭስ ያስረጀሁት እኔ ነኝ። የአያቱ ቤት ነው ተባለ። የአያቱ ሲሚንቶ ገና እጅ ላይ ይቀር ነበር።

የጎደለው ነዋሪ ነው። ሚስቱ መዳም ከአየር ማቀዝቀዣው ስር ንቅንቅ አልልም አለች። እኔ ተመረጥኩ። በየመን በኩል የገባሁ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት የሌለኝ ነኝ። ጊዜው ደግሞ ወረቀት የሌለው ሁሉ ይውጣ ተብሎ አበሻ ከየመንገዱ የሚታፈስበት ነው። ቦታው ከጸደቀ ኢቃማ እንደሚያወጣልኝ በልጆቹ ማለልኝ። በአገሩ መኖር ያልተፈቀደልኝ እኔ፣ መሬቱ እንዲፈቀድለት ልኖርለት ሄድኩ።

የተዋሳቸውን ሁለት ፍየሎች፣ ጥቂት ዶሮና የልጆቹን አሮጌ ልብስ ሰጠኝ። ልብሱን በየቀኑ አጥቤ አሰጣለሁ፤ እርጥብ ልብስ ሰው መኖሩን ያሳያል አለ። ቦታውን አይቶ የሚያጸድቀው ኮሚቴ ሲመጣ ምን ልበል ብዬ መሬት መሬት እያየሁ ጠየቅኩት።

“ምንም አትበይ” አለኝ። “ዝም ብለሽ ኑሪ።”

የዚህን ያህል የሚስማማኝ ሥራ አግኝቼ አላውቅም።

ኮሚቴው ከአንድ ፖሊስ ጋር በፒካፕ መጣ፤ በዚያ ሰሞን ፖሊስ የማይገባበት ጉዳይ አልነበረም። ሙሃሚው ስለ አያቱ ብዙ አወራ፤ አያቱ የተከሉትን ዛፍ ሳይቀር አሳያቸው። ከኮሚቴው አንዱ ሽማግሌ ፍየሎቹን አየ፣ ልብሱን ዳሰሰ፣ ደህና ነው አለ። ልቤ ኢቃማዬን ይዞ በረረ። ያኔ ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ።

“ይቺስ? ያንተ ሠራተኛ ናት? ኢቃማዋን አምጣ።”

ወረቀት የሌለው ሰው ያስጠለለ እንደሚቀጣ ከሙሃሚው በላይ የሚያውቅ የለም። መሬቱን አየ። እኔን አየ።

“አላውቃትም” አለ። “እዚህ የሚኖር ሰው የለም።”

ሽማግሌው ብዕሩን አወጣ።

“ኸላስ፣ አለቀ። ሰው ካልኖረበት ዋዲ ነው። አያትህን አላህ ይማርልህ።”

ጂዛን ወዳለው ማቆያ ሊወስዱኝ ፒካፑ ላይ ጫኑኝ። ዞር ብዬ ሳይ፣ በሕይወቱ ልብስ አስጥቶ የማያውቀው ሙሃሚ የልጆቹን ልብስ ከገመዱ እየለቀመ በክንዱ ላይ ይከምራል፤ ሰው መኖሩን እንዳያሳይበት ነው። እርጥቡን ከከመረው እንደሚሸት ልነግረው ፈለግኩ። አፈርኩና ተውኩት።