ድንጋዩ ላይ የቀረው ስም

እናቴ መሰረት፣ ሊንደን የሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ አሮጌ መካነ መቃብር ሣር ታጭዳለች፤ የሐውልቶቹንም እድፍ በብሩሽ ትፈገፍጋለች። ኮለምበስ ከተማ የመጣችው በአባቴ በአምሳሉ ዲቪ ነው። እሱ ከሞተ ቆይቷል።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ቦታ የአንድ ሐውልት ፎቶ ላከችልኝና ደወለች። “ይሄ ‘ሬሊክት’ የሚሉት ምንድነው? የሴቶቹ ላይ ብቻ ነው የማየው።”

ስልኬ ላይ ፈልጌ ነገርኳት። ድሮ ባሏ የሞተባትን ሴት “የእገሌ ሬሊክት” ይሏት ነበር፤ የቀረች፣ የተረፈች ማለት ነው። ዛሬ ለሰው አይባልም። ወገኑ ሁሉ ጠፍቶ ብቻውን ለቀረ ተክል ወይም እንስሳ ነው የሚሉት።

“እሺ፣ የራሷ ስምስ የታል?” አለች።

ፎቶውን አየሁት። የሴትዮዋ ስም በቀጭኑ ተቀርጾ ኖሮ ዝናብ አጥፍቶታል። የባሏ ግን በትልቁ ተጽፎ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

“እኔ ስሞት መሰረት ብለሽ ጻፊ፤ ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ” አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ሴትዮ ከኋላችን “የአምሳሉ ሚስት” ብላ ተጣራች። ስሟ መሰረት ነው ልላት ዞር ስል፣ እማዬ ቀደመችኝ።

“አቤት” አለች።