አረንጓዴ ቆብ የደፉት የሙሳ ጎማዎች

ለመላው የአሶሳ ከተማና አካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ለቅርብም ለሩቅም ወዳጆቼ... የጎረቤቴ የሙሳ ፒካፕ አራቱም ጎማዎች ተራውን ንፋስ ትተው በናይትሮጅን መተንፈስ መጀመራቸውን የምገልጸው በታላቅ ክብር ነው። ለምልክት እንዲሆናቸውም እያንዳንዳቸው ንፋስ መሙያቸው ላይ አረንጓዴ ቆብ ደፍተዋል።

ዜናው ይኸው ነው። ተከትሎት የመጣውን ግን ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ።

ሙሳ የመንጌ ልጅ ነው። ከዚያ ማንጎ እየጫነ አሶሳ ይሸጣል። ጎሚስታው «ናይትሮጅን ቶሎ አይጎድልም፣ በሙቀትም አያብጥም» ብሎት ከፍሎ አስሞላና ሊያሳየኝ በኩራት ጠራኝ። እኔ ደግሞ ሰው ሲኮራ እያየሁ ዝም ማለት አልችልበትም።

«ሙሳ፣ ተራ ንፋስ እንዳታስነካው ነግሮሃል አይደል?» አልኩት ኮስተር ብዬ።

«ለምን?»

«ሁለቱ ከተቀላቀሉ ጎማው ይፈነዳላ! ቡለን ላይ አንዱ ሹፌር ቀላቅሎ... መኪናውን ከዋርካ ላይ በገመድ ነው ያወረዱት።»

ሙሳ ክው አለ። እኔ ሳቄን አፍኜ ቤቴ ገባሁ። ነገ እውነቱን እነግረዋለሁ ብዬ... ነገ ሲመጣ ረሳሁት።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ማንጎ ልንጭን መንጌ ሄድን። ሙሳ፣ ሚስቱ ራህማና እኔ። እኔ እንኳን የሄድኩት ለጨዋታ ነው፤ ማንጎ የሚያነሳ ወገብ የለኝም። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል፤ ሳሩም ጉልበት ይደርሳል። ራህማ የወደቀ ማንጎ ልታነሳ እጇን ሳሩ ውስጥ ሰደደችና ጮኸች።

እባብ።

በአቅራቢያው ያገኘነው የጤና ባለሙያ እጇ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፎ አሰረና «ሆስፒታል ነው የሚያዋጣት፤ ፍጠኑ» አለን። ማንጎውን እዚያው ጥለን በረርን። እጇ ዓይኔ እያየ ያብጣል። አምባሯን ማውለቅ ያቃተን ገና ከመንደሩ ሳንርቅ ነው።

መንገዱን ስናጋምስ መኪናው ወደ ቀኝ መጎተት ጀመረ። ሙሳ ዘሎ ወረደ። የፊቱ ቀኝ ጎማ ሊተኛ ደርሷል፤ አንድ ሚስማር እስከ አንገቱ ገብቶበታል። ሚስማር መቼም «ናይትሮጅን ነህ ወይስ ተራ ንፋስ?» ብሎ አይጠይቅም።

ትርፍ ጎማውን ለማንጎው ቦታ ይለቀቅ ብሎ ቤት ትቶታል። ስልካችን ኔትወርክ የለውም። ከፊትም ከኋላም የሚመጣ መኪና የለም። ከወንበሩ ሥር ግን በእግር የሚረገጥ የጎማ መንፊያ አለ።

«ሚስማሩን ሳትነካ ንፋውና እንሂድ!» አልኩ።

ሙሳ እንደ እብድ አየኝ። «አባባ ሰይድ፣ አንተ አይደለህም ያልከኝ? ይፈነዳል! እሷ ደግሞ መኪናው ውስጥ ናት!»

«ቀልዴን ነበር።»

«ወላሂ፣ አሁን ነው የምትቀልደው!»

«ውሸት ነው እልሃለሁ! ዋርካ ላይ የወጣ መኪና የለም!»

«ያን ቀን እውነት፣ ዛሬ ውሸት? እኔ የቱን ልያዝ?»

አልፈረድኩበትም። በዚህ ሰው ላይ ስንት ዓመት ተጫውቻለሁ። አንድ ጊዜማ በዝናብ ውሃ ላይ ግብር ተጣለ ብዬ በርሜሉን ጓሮ አስደብቄዋለሁ። አሁን እውነት ልናገር ብል... የሚገዛኝ ጠፋ።

በልጆቼ ማልኩ። «ስትቀልድም ትምላለህ» አለኝ። ራህማ ከውስጥ ታቃስታለች። ሙሳ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ «መኪና ይመጣል... ኢንሻአላህ ይመጣል» ይላል። ከወፍ በቀር የሚመጣ የለም። ጎማው ትስስስ... ይላል።

ሌላ መላ ሳጣ ጃኬቴን መሬት ላይ ዘርግቼ ተኛሁ። ጎማውን እንደ ሕፃን አቅፌ ጉንጬን ለጠፍኩበት።

«በል አሁን ንፋ። ከፈነዳ እኔን ነው የሚያስቀድመኝ።»

ሙሳ መንፊያውን ይዞ ቆመ። አንዴ እኔን ያያል፣ አንዴ እሷን። ይኼኔ ራህማ በደህና እጇ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ራሷን አወጣች።

«ሙሳ፣ ይሄ ሽማግሌ ሁልጊዜ ይዋሻል። ግን ውሸቱ ላይ ተኝቶ አያውቅም። ንፋ!»

«ቢስሚላህ» አለና ረገጠ።

ፉስ... ፉስ... ፉስ... ጎማው ከጉንጬ ሥር ቀስ እያለ ሲወጠር ይሰማኛል። አቧራው ስላስቸገረኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሙሳ ላብ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል። ረገጠ፣ ረገጠ... ጎማው ቆመ። እኛም አለን።

አሶሳ እስክንገባ አንድ ጊዜ ደግመን ነፋን። እንደ ቅድሙ ልተኛ ስል ሙሳ «ተነስ አባባ፣ ጊዜ አታጥፋ!» ብሎ ተቆጣኝ።

ሆስፒታል ደርሰን ሐኪሟ የመርዝ ማርከሻውን መርፌ ከሰጠቻት በኋላ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። ባትጨርሰውም ገባኝ። ራህማ አሁን ተሽሏታል። እጇ ሙሉ በሙሉ ሲድን መጀመሪያ የምትሠራበት ሥራ እኔን በጥፊ ማጮል እንደሆነ መልእክት ልካብኛለች። ጉንጬን አዘጋጅቼ እየጠበቅኩ ነው።

ጎሚስታው ጎማውን ሲለጥፍ ጠየቅኩት። ሳቀ። «አባቴ፣ የምንተነፍሰውም አየር አብዛኛው እኮ ናይትሮጅን ነው። ቢቀላቀል ምን ይሆናል? ጥቅሙ ትንሽ ዘግይቶ መጉደሉ ነው።» እንግዲህ ይከፈልበታል ወይ ለምትሉኝ... ገንዘብ የተረፈው ያስሞላ። መንፊያውን ግን ከወንበሩ ሥር እንዳያወጣ፤ ጎረቤቱ እንደ እኔ ያለ ከሆነ ደግሞ ስለ ጎማ አያማክረው።

ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የዘነበበት መንገድ ላይ አቧራ ከየት ይመጣል? ዓይኔን የጨፈንኩት... ሙሳ ሲረግጥ የገዛ ውሸቴን አምኜው ነው።