ቀንዳሙና ቀንድ የለሹ ጥንዚዛ

አጎቴ በኮሌጁ የነፍሳት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራው አንድ ሥራ ነው፤ የሞተ ጥንዚዛ ያደርቃል፣ በስፒል ይወጋል፣ በመሳቢያ ይደረድራል። ስፒሉ የሚገባው በቀኝ በኩል ባለው የክንፍ ሽፋን ነው። ተማሪ በግራ ወግቶ ካመጣለት ቀኑን ሙሉ ፊቱ አይፈታም። ሰፈር ውስጥ «ጥንዚዛው» ይሉታል። መጀመሪያ ሊያናድዱት ነበር፤ እሱ ግን «አቤት!» እያለ ሲዞርላቸው ስሙ ጸደቀ።

ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል አልዘለለም። እበት የሚያድበለብሉት፣ ግንባራቸው ላይ ቀንድ ያበቀሉት፣ አበባ ላይ የሚውሉት፣ የተክል ሥር የሚጨርሱትም ሁሉ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን የነገረኝ ግን እሱ ነው። በምን እንደሚታወቁ ስጠይቀው አጉሊ መነጽሩን ሰጠኝ። አንቴናቸው ጫፉ ላይ እንደ መጽሐፍ የሚገለጡና የሚታጠፉ ስስ ገጾች አሉት። የፊት እግራቸው ለቁፋሮ እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል። እጫቸው ነጭና ወፍራም ነው፤ ብርድ እንደመታው ሰው ጥቅልል ብሎ ይተኛል።

ሥራውን ያስተማሩት የክፍሉ ኃላፊ የነበሩ፣ አሁን በሕይወት የሌሉ ዶክተር ናቸው። የሰጡት ሕግ አጭር ነበር፦ ቀንዳሙ በግራ፣ ቀንድ የለሹ በቀኝ። በዚህ ሕግ አሥራ ዘጠኝ ጥንድ መሳቢያ ሞላ። ከሁሉም የሚበልጥበት ግን አንዲት ትንሽ መሳቢያ ነበረች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከኮሌጁ የላም በረት፣ ከእበት ሥር፣ ቀንድ የሌለው፣ ትንሽ፣ አንገቱ አረንጓዴ የሆነ ጥንዚዛ አገኘ። በኋላም ሦስት ጨመረ። ዶክተሩ ገልብጠው አገላብጠው «ይህን አላውቀውም» አሉና መሳቢያዋ ላይ በእጃቸው «ያልታወቀ ዝርያ» ብለው ከሥሩ የአጎቴን ስም ከነአባቱ ጻፉ። ከደመወዝ መዝገብ በቀር ስሙ ተጽፎ ያየው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ዘንድሮ አዲስ መምህርት መጣች። የኮሌጁን ነፍሳት ዝርዝር አዘጋጅታ ልታሳትም ነው። የአጎቴ ጥንዚዛም ከነስሙ ይገባል ተባለ። እሱም ለአማቾቹ ሳይቀር አወራ።

አንድ ቀን ጠዋት መምህርቷ የመጀመሪያውን ጥንድ መሳቢያዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ ጠራችው።

«ጋሼ፣ እነዚህን ማን ነው የለያያቸው?»

«እኔ ነኛ! ቀንዳሙ በግራ፣ ቀንድ የለሹ በቀኝ።»

«እኮ፣ ቀንዳሙ ወንዱ ነው፤ ይህቺኛዋ ሴቷ ናት። አንድ ዝርያ ናቸው።»

አጎቴ መሳቢያዎቹን አየ፤ እሷን አየ፤ እንደገና መሳቢያዎቹን አየ። «ሁሉም?» አላት።

«ሁሉም እንኳን አይደሉም። አንዳንዱ ዝርያ ወንዱም ቀንድ የለው፤ አንዳንዱ ሴቷም ታበቅላለች። አንድ በአንድ ማየት ነው።»

ለምሳ ቤት ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ነገሩን ሲነግረን የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ፣ ጭልፋዋን ይዛ ቀረች።

«እንግዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ባልና ሚስት ስታፋታ ኖረሃል በለኛ!»

«አላፋታሁም። ለየብቻ ነው ያስቀመጥኳቸው።»

«እሱስ ምን ይባላል?»

እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። «አንቺ ሴት፣ አሁን ቀልድ አልያዝኩም» አለና ያልተነካ ሳህኑን ገፋ። ያስጨነቀው አሥራ ዘጠኙ ጥንድ አልነበረም፤ ትንሿ መሳቢያ ነበረች። መምህርቷ በውስጧ ያሉት የዚያው የመጀመሪያው ጥንድ ትንንሽ ወንዶች እንዳይሆኑ ጠርጥራለች። በአንዳንድ ዝርያ ወንዱ ሁለት ዓይነት ነው ብላዋለች። እጭ ሳለ በደንብ የበላው ይተልቃል፣ ቀንድ ያወጣል፣ ሴቷ ያለችበትን ጉድጓድ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ምግብ ያጠረው ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ቀንድም አይኖረው። እሱ ከበሩ አይጋፋም፤ በጎን ሌላ ቀዳዳ ቆፍሮ ሹልክ ይላል።

«ሌባ ነዋ!» አለች እትዬ። «ስምህን የሰጠኸው ለሌባ ነው?»

«ገና አልተረጋገጠም አልኩሽ!»

ማረጋገጫው መክፈት ነው። ጥንዚዛውን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ሲለሰልስ ሆዱን በመርፌ ከፍቶ፣ የወንዱን የመራቢያ አካል አውጥቶ ከቀንዳሙ ጋር ማስተያየት። ቅርጹ ከተለያየ ዝርያው የተለያየ ነው። መምህርቷ «እንደርስዎ የረጋ እጅ የለኝም፤ እርስዎ ይክፈቱትና ያዩትን ይንገሩኝ፣ የነገሩኝን እጽፋለሁ» ብላዋለች። አጎቴ ይህን ሲነግረን ድምፁ እምነት እንደተጣለበት ሰው አልነበረም። ያለ መሪ ተራራ መንገድ ላይ እንደተተወ ሰው ነበር።

በማግስቱ መነጽሩን ረስቶ ስለሄደ እትዬ ይዤለት እንድሄድ ላከችኝ። ክፍሉ ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። መምህርቷ ልታስተምር ሄዳ ስለነበር ብቻውን ነው ያገኘሁት። መነጽሩን ሳያደርግ በማይክሮስኮፑ እያየ ነበር። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

«ና እስቲ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ እይ» አለኝ።

አየሁ። ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት ቡናማ ነገሮች ተኝተዋል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፤ የሁለቱም ጫፍ እንደ መንጠቆ ጎብጧል። የትኛው የማን እንደሆነ ባይነግረኝ ኖሮ አላውቅም ነበር።

«ትልቁ የቀንዳሙ ነው» አለኝ። «ሌሎች ሁለቱንም ከፍቻቸዋለሁ። ያው ናቸው። አራተኛውን ደግሞ ልክፈት?»

«ምን ለውጥ ያመጣል?»

«አላውቅም።» ወረንጦውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «ዶክተሩ እኮ ብዙ ያውቁ ነበር።»

እኔ ያን ጊዜ ያልኩትን አሁን ሳስበው አፍራለሁ። «የተለያዩ ናቸው ብትላትስ? የነገሩኝን እጽፋለሁ ብላሃለች» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። የተቆጣ መሰለኝ፤ ግን ቁጣ አልነበረም። ያልኩት ነገር ከየት እንደመጣ ያልገባው ሰው አስተያየት ነበር። «ከዚያስ?» አለኝ። «ሌላ ጥንዚዛ ሲመጣልኝ የት ነው የማስቀምጠው?»

ያመጣሁለትን መነጽር ከማይክሮስኮፑ አጠገብ አስቀመጥኩለት።

መምህርቷ ደብተሯን ታቅፋ ስትገባ አጎቴ ተነስቶ ቆመ። «አንድ ናቸው» አላት፣ ምንም ሳትጠይቀው።

ጎንበስ ብላ አየች። ስትነሳ የሚያጽናና ቃል እየፈለገች እንደሆነ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። «ጋሼ፣ ስምዎን ነፍሳቱን ከሰበሰቡት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ...» ብላ ጀመረች።

«እሱ ይቆይ» አላት። ከትንሿ መሳቢያ ላይ የዶክተሩን ወረቀት በጥፍሩ ቀስ ብሎ ላጠው፤ ማጣበቂያው ስለደረቀ መሐሉ ላይ ተቀደደ። ሁለቱን ቁራጭ ኪሱ ከተተና ያልተከፈተውን አራተኛውን ጥንዚዛ በስፒሉ ያዘው። ወደ ግራው መሳቢያ ወሰደው፤ ቀንድ የለውም። ወደ ቀኙ ወሰደው፤ ወንድ ነው። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«የትም ያድርጉት ጋሼ፣ በኋላ እናስተካክላለን።»

«የትም አላደርግም!» አላት። ድምፁ ከፍ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ባዶ መሳቢያ ፈለገ፤ አልነበረም። ትንሿን መሳቢያ ጠርጎ ቀንዳሙን ከግራ፣ ቀንድ የለሿን ከቀኝ አመጣ፣ ሦስቱን በአንድ መስመር አቆማቸው። እርስ በርስ የሚመሳሰሉበትን አንድም ነገር በዓይኑ ሲያጣ ይታየኛል። ራሱን ወዘወዘ።

«መምህርት፣ አሥራ ስምንት ጥንድ ይቀራል» አለ። «የትኛው ከየትኛው እንደሆነ እኔ አሁን አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለችው።

አጎቴ ይህን ሲሰማ የባሰ ግራ ገባው። ሁለተኛውን ጥንድ ሳብ አድርጎ ከየመሳቢያው አንድ አንድ መረጠና ለብ ያለ ውሃ እንዳመጣለት የሚዘፈዝፍበትን ሳህን ሰጠኝ።