ኒካኖርን የያዘው መሐላ

በሜክሲኮ የፑዌብላ ከተማ ግንበኛው ኒካኖር ለአንድ ዓመት መጠጥ ላይቀምስ በእመቤታችን ፊት ምሏል። ቄሱ መሐላው የሚያልቅበትን ቀን የጻፉለት ካርድ ከኪሱ አይወጣም። ጠዋት ጠዋት ግን እግሩ ወደ መጠጥ ቤቱ ልሂድ እያለ ስለሚያስቸግረው፣ መንገድ ዳር የበቆሎ አጥሚት የምትሸጠው የልጁ ክርስትና እናት ብሪሂዳ ጋ ቆሞ ትኩስ ትኩሱን ይጠጣል። እየተሰዳደቡ ሰዓቱ ያልፋል።

ዛሬ እየተፍለቀለቀ መጣ።

«ብሪሂዳ፣ መሐላዬ ነገ ያልቃል! ጓደኞቼ አንድ በርሜል ሙሉ አዘጋጅተውልኛል። በቃ፣ ተሰናበቺኝ!»

«እስቲ ካርዱን አምጣው፣ አንተ የበርሜል ሙሽራ!»

ተቀብላው አነበበችና ጭልፋው ከእጇ አመለጠ።

«በስመ አብ! አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ካለቀ ሦስት ሳምንቱ ነው!»

ኒካኖር ክው አለ። ካርዱን ነጠቃት፣ ገለበጠው፣ ደግሞ አየው።

«እኔ እኮ የወሩ መጨረሻ መስሎኝ!»

መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማን ነው ከመጠጥ የያዘኝ?»

«እኔ ምን አውቄ! በየጠዋቱ እዚህ ተገትረህ አጥሚትሽ ቀጠነ እያልክ ስትነዘንዘኝ ነው የማይህ።»

ፊቱ አመድ መስሎ ቀሚሷን ጨመደደ።

«ብሪሂዳ፣ በእናትሽ፣ ነገ እንዳትቀሪ!»