ትንቢት ቀጂው እንግዳ

በራይን ወንዝ ዳር ባለው ገዳማችን አንድ እንግዳ መነኩሴ የጥንቷን ሮማዊት ነቢይት መጽሐፍ ይቀዳል። መፋቂያ ቢላዋ ከመታጠቂያው አይለይም፤ ትንቢቱ በተባለው ዓመት ሳይደርስ ሲቀር፣ ዓመቱን ከብራናው ላይ ፍቆ ሌላ ይጽፋል። በገጹ ዳር፣ በኅዳጉ ላይም ሁሉን ይተረጉማል። "በሐሰት የሚነግሠው" ብርድ ልብስ የነፈገው አበምኔታችን ነው፤ "ከባሕር የሚወጣው አውሬ" ደግሞ ሾርባ ያቀጠነበት ወጥ ቤታችን አባ ዉልፍራም።

"ታዲያ ነቢይቷ የእኔን ሾርባ ከሺህ ዓመት በፊት ቀምሳው ነው?" አለው ዉልፍራም።

"ሽታው ደርሷት ነዋ!" አለ ቀና ሳይል።

ትናንት "ከተማዋ ትቃጠላለች፤ እናት ልጆቿን ከአመድ ውስጥ ትፈልጋለች" የሚለውን ቀዳና ኅዳጉን ባዶ ተወው።

"ይቺስ እናት ማናት?" አልኩት፣ ለመሳቅ ተዘጋጅቼ።

"እሷን ተዋት" አለኝ። "አውቃታለሁ።"