ከባሌ አባት ጋር ኮሌጅ መረጣ

ሰኞ ጠዋት ከከሚሴ መናኸሪያ የተነሳሁት ኮሌጅ ልመርጥ ነው። አዋላጅ ነርስ ለመሆን ለሁለት የካቶሊክ ኮሌጆች አመልክቼ ሁለቱም ተቀብለውኛል፤ አንዱ ኮምቦልቻ፣ ሌላው ደብረ ብርሃን። መልስ እስክሰጥ የቀረኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ባሌ ሰይድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ አብሮኝ መሄድ አልቻለም። በስልክ «አባዬ አብረውሽ ይሂዱ» አለኝ።

አባቱ ሼህ ይማም ይባላሉ። ካገባሁ ጀምሮ የምኖረው ከእሳቸውና ከባለቤታቸው ጋር ነው፤ የአራት ዓመቷ ልጄ ሐያትም እነሱ ጉልበት ላይ ነው ያደገችው። ሼህ ይማም ቁጥብ ሰው ናቸው። እሺም እንቢም ሳይሉ ኮፊያቸውን አድርገው ብድግ ሲሉ፣ ሰበብ ፈልገው ሊያስቀሩኝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሰኞ፣ ወደ ኮምቦልቻ

ሚኒባሱ ሞልቶ ወጣ። የጨፋ ሜዳ ማሽላ አሽቶ ራሱን ደፍቷል፤ ከቦርከና ማዶ ከብት ተሰማርቷል። ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ነጋዴ ሼህ ይማምን ያውቋቸው ኖሮ በኦሮምኛ «ኤሳ ዴምቱ?» ብለው ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቋቸው።

«ኮምቦልቻ። ኢንተለ ኮ፣ ይቺን ልጄን፣ ትምህርት ቤት ላሳያት» አሉ።

«ላሳያት» እንጂ «ላስገባት» አላሉም። ሐርቡን እስክናልፍ ይችን ቃል ሳመነዥካት ቆየሁ።

የኮምቦልቻው ኮሌጅ የሲስተሮች ነው። ግቢው ተጠርጎ ያበራል፤ ፎቁ አዲስ ነው። ኃላፊዋ ሲስተር ፈገግ ብለው ተቀበሉንና የልምምድ ክፍሉን ከፍተው አሳዩን። አልጋው ላይ ነፍሰ ጡር የምትመስል ትልቅ አሻንጉሊት ተኝታለች፤ ተማሪዎች ማዋለድን የሚለማመዱት በሷ ነው። ሼህ ይማም ጠጋ ብለው አዩዋትና ወደ ሲስተሯ ዞሩ።

«ይቺ ልጄ ትሰግዳለች። ሰዓቷ ሲደርስስ?»

«አባቴ፣ ሙስሊም ተማሪዎች ብዙ አሉን። የሚሰግዱበት ክፍል አለ፣ ሻሽም አንከለክልም። ልምምድ ላይ ግን ለንጽሕና ሲባል አሳጥራ ታስረዋለች።»

«እውነተኛ በሽተኛ የምታየውስ መቼ ነው?»

«ትምህርቷን ልታገባድድ ስትል፣ ሆስፒታል እንልካታለን።»

ሼህ ይማም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ በኋላ ከሚሴ እስክንገባ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ በልቤ ቅርቡን መርጬ ጨርሻለሁ። በየሳምንቱ ቤቴ መግባት እችላለሁ፤ ሐያትን አያለሁ፣ አማቼን በሥራ አግዛለሁ። ኮሌጁ ምንም እንከን አይወጣለትም። ታዲያ ደስ ያላለኝ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ረቡዕ፣ ወደ ደብረ ብርሃን

ጎህ ሲቀድ ተሳፈርን። ካራቆሬንና አጣዬን በሰላም አለፍን። ይህ መንገድ በተዘጋበት ዘመን ስንት ሰው ጉዞውን እንደሰረዘ የሚያውቅ፣ ኬላው ላይ «እለፉ» ሲባል እንደኛ አውቶቡስ በአንድ ላይ እፎይ ይላል። ሸዋ ሮቢት ማንጎና ሽንኩርት በመስኮት ገባልን፤ ደብረ ሲና ቁርስ ወረድን። ረቡዕ መሆኑ በጀን፤ ምግብ ቤቱ ሁሉ የጾም ስለሆነ የሥጋ ነገር ሳያሳስበን በያይነቱ አዘዝን። ጣርማ በርን ስንወጣ ሙቀቱ ተቋረጠ። የቆላው ሰው ሼህ ይማም በስስ ኮታቸው ተኮማተሩ።

የደብረ ብርሃኑን ኮሌጅ የሚመሩት አንድ ካህን ናቸው፤ አባ ይሏቸዋል። ሕንፃው ዝቅ ያለና ያረጀ ነው። ምግብ ቤት የለውም፤ ተማሪው ቤት ተከራይቶ ራሱ ያበስላል። ከግቢው ጋር ግን ክሊኒክ አለ፤ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ዓመት አንስቶ እዚያ ያግዛሉ።

አባ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ክሊኒኩ በረንዳ ላይ እንድንጠብቅ ተነገረን። ብዙም ሳንቆይ ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ መጣች። አዋላጇና የኔ እኩያ የምትሆን አንዲት ተማሪ ግራና ቀኝ ደግፈው አስገቧት። ባልየው፣ ወጣት ገበሬ፣ አግዳሚው ላይ ከሼህ ይማም አጠገብ ተቀመጠ። እግሩ ይንቀጠቀጣል።

«የመጀመሪያችሁ ነው?» አሉት።

«አዎ አባቴ።»

«አይዞህ። አላህ ያግዛታል።»

ገበሬው ቀና ብሎ ሲያያቸው እሳቸውም ይንቀጠቀጣሉ፤ የሳቸው ግን ከብርዱ ነው። የጋቢውን አጋማሽ ገልጦ አለበሳቸው። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ የተማሪዋን ድምፅ እሰማለሁ፦ «በርቺ እህቴ፣ እዚህ ነኝ፣ እጄን ያዢ።» በዚያች ደቂቃ እሷን መሆን ፈለግሁ።

የሕፃኑ ለቅሶ ሲሰማ ሁለቱም ባንድ ጋቢ ውስጥ ብድግ አሉ።

«እመብርሃን ትመስገን!»

«አልሃምዱሊላህ!»

ተማሪዋ ብቅ ብላ «ወንድ ነው፣ እናቱም ደህና ናት» አለች። ገበሬው የሼህ ይማምን ትከሻ ስሞ ገባ።

አባን አነጋግረን ስንወጣ ሼህ ይማም ከበሩ ጋ ቆሙ።

«የትኛው ልብሽ ገባ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አልነበረም። «አባዬ፣ ኮምቦልቻ ይሻላል። ቅርብ ነው፣ ሐያትም...»

«የሚሻለውን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

ዕንባዬ መጣ። «ይሄኛው» አልኩ።

«እኔም ይሄንን ነው የወደድኩት። እዚያ አሻንጉሊት አየሁ፤ እዚህ ሰው ሲወለድ ሰማሁ። ሐያትን እኛ አለንላት።»

«አባዬ፣ አንቱ እኮ ልታስቀሩኝ የመጣችሁ መስሎኝ ነበር።»

ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። «እኔ የፈራሁት ለኛ ስትይ ቅርቡን እንዳትይዢ ነው። አስቀድሜ ሩቁን ያዢ ብልሽ ደግሞ ሊያባርሩኝ ነው ትያለሽ። ስለዚህ ዝም አልኩ።»

ሐሙስ፣ ቤት

ያደርነው ደብረ ብርሃን ከሚኖሩ ዘመዳቸው ዘንድ ነው። በማግስቱ ከሚሴ ስንደርስ አማቼ ከበር ላይ «ኧረ ለመሆኑ ይሰገድበታል?» አሉ። «ይሰገድበታል፣ ይወለድበታልም» ብለው ሼህ ይማም ገቡ። ወደ ኮምቦልቻ ደውዬ ቦታዬን ለሌላ እንዲሰጡ ነገርኳቸው። ሲስተሯ ይቀየሙኛል ብዬ ስፈራ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ተጠባባቂዋን ዛሬውኑ እንጠራታለን» አሉኝ። አንዲት የማላውቃት ሴትም በኔ ምክንያት ደስ ሊላት ነው።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ስለ ኮሌጅ ብቻ አይደለም። የአንድን ሰው ዝምታ ስንት ዓመት እንደ እንቢታ ስቆጥረው ኖሬያለሁ፤ ጠይቄው ግን አላውቅም።

የቀረችኝ ሐያት ነበረች። ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ለትምህርት ርቄ እንደምሄድና በየእረፍቱ እንደምመጣ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ሕፃን ይዘሽ ትመጫለሽ?» አለች።

«አይ፣ ሕፃናቱን ለእናቶቻቸው ነው የምሰጠው።»

«እሺ» ብላ ወርዳ ወደ አያቷ ሮጠች።