አበባ የሰካች ሁሉ

ሱዪን ከሱቋ ደጃፍ ሆና አንዲት አሮጊት ታያለች። በባሕር ዛጎል በታነጸው ግድግዳ ሥር ቆማ ትዋልላለች። ሰማያዊ ሸሚዟ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ጠጉሯን የከበበው የጃስሚን አበባ ግን የዛሬ ጠዋት ነው። በዚህች የቻይናዋ የቿንጆ ከተማ የባሕር ዳር መንደር ድሮ አበባ የሰካች ሴት ሁሉ የሰፈሩ ልጅ ነበረች። ዛሬ ጎብኚው ሁሉ ከፍሎ ይሰካል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል።

አሮጊቷ አበባ የሰካች የአንዷን ጎብኚ እጅጌ ያዘች። "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

"የሻንጋይ ልጅ ነኝ፣ እማማ። እስቲ ጠጋ ይበሉ፣ አብረን ፎቶ እንነሣ።"

ሌላዋም አቅፋት ተነሣች፤ ሦስተኛዋም። ጉብኝት ማለት ይኸው ነው። "ምን ጠፋብዎ?" ያላት አንድ ሰው የለም።

ሱዪን ከሩቅ ተራራ አገር መጥታ ለጎብኚዎች በክፍያ አበባ የምትሰካ ናት፤ በራሷ ጠጉር ላይ ያለው አበባም ለገበያ መሳቢያ ነው። አሮጊቷ መጥታ እጇን ጨበጠች።

"ልጄ፣ ቤቴ ጠፋኝ። አንቺ እንኳ የሰፈሬ ልጅ ነሽ፤ አድርሺኝ።"

ሱዪን በመንደሩ የምታውቀው ፎቶ የሚያምርበትን ጥግ ብቻ ነው። "አይደለሁም" ለማለት ግን አፏ አልታዘዛትም።

"እሺ፣ እማማ" ብላ ተነሣች፤ ወደ ቀኝ ትታጠፍ ወደ ግራ ሳታውቅ።